ገዳዩን እያወቅን ለምን እንጠብቃለን? ‹ኮሎምቦ› በደራስያኑና በተዋናዩ መካከል

የወንጀል ድራማ ተመልካቹን አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው በአንድ ጥያቄ ነው፦ ገዳዩ ማን ነው? ‹ኮሎምቦ› የተባለው የአሜሪካ ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ይህን ጥያቄ ገና በመግቢያው መልሶ ይገላገለዋል። ገዳዩ ሲያቅድ፣ ሲገድል፣ ዱካውን ሲያጠፋ፣ ‹በዚያ ሰዓት እዚያ አልነበርኩም› የሚያሰኘውን ማስረጃ ሲያሰናዳ ቁጭ ብለን እናያለን። መርማሪው ሌተናንት ኮሎምቦ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ ካፖርቱ ተጨማድዶ፣ ሲጋሩን ይዞ፣ እርሳስ ከሰው እየለመነ። ቀሪው ድራማ በአመዛኙ የሁለት ሰዎች ጭውውት ነው። ተኩስና የመኪና ማሳደድ ከሞላ ጎደል የለበትም። ታዲያ መልሱን አስቀድመን ካወቅነው እስከ መጨረሻው ምን ያቆየናል?

ብዙ አድናቂዎች አጭር መልስ አላቸው፦ ኮሎምቦን የተጫወተው ፒተር ፎልክ። ይህ ጸሐፊም ከአድናቂዎቹ አንዱ ነውና መልሱን አያጣጥለውም፤ ግን ግማሽ መልስ ነው ብሎ ያምናል። ሪቻርድ ሌቪንሰንና ዊልያም ሊንክ የተባሉት ደራስያን የመረጡት ቅርጽ የታሪኩን ዋና ምስጢር አስቀድሞ ስለሚያወጣ ድራማው መሐል ላይ ሰፊ ቦታ ባዶ ይቀራል። ያን ቦታ ሊሞላ የሚችለው የትወና ጥበብ ነው፤ ፎልክም ሞላው። ቅርጹ በተነካባቸው ጥቂት አጋጣሚዎች ግን ያው ተዋናይ ሲደበዝዝ ይታያል። ይህ ዳሰሳ የሚከራከረው አንዱን ከሌላው ነጥሎ ማድነቅ ሁለቱንም እንደሚያሳንስ ነው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሁለት ደራስያን፣ አንድ ብዕር

ሌቪንሰንና ሊንክ የተዋወቁት በ1940ዎቹ፣ ፊላደልፊያ አካባቢ፣ ገና የመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ሳሉ ነው። ያገናኛቸው የምትሃት ትርዒትና የወንጀል ልቦለድ ፍቅር ነበር። ፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲም አብረው ገቡ፤ በ1954 የመጀመሪያ አጭር ልቦለዳቸውን የኤለሪ ኩዊንን ስም ለያዘው የወንጀል ልቦለድ መጽሔት ሸጡ። ሌቪንሰን በ1987 እስኪሞት ድረስ ጥምረታቸው አልተፈታም። የምትሃት ፍቅራቸውን ልብ ማለት ይገባል። ጥሩ ምትሃተኛ እጁን አይደብቅም፤ አንዱን እጁን እያሳየ ዓይናችንን ከሌላው ያርቃል። ‹ኮሎምቦ›ም እንዲሁ ሁሉን ነገር እያሳየን፣ በመጨረሻ ገዳዩን የምታጠምደው ትንሽ ነገር ዓይናችን ሥር ሆና እንድታመልጠን ያደርጋል።

ገጸ ባሕርዩ ባንድ ጊዜ አልተወለደም። በ1960 በኤን.ቢ.ሲ. ቴሌቪዥን በቀረበ አጭር ድራማ በርት ፍሪድ ተጫወተው። በ1962 ደራስያኑ ታሪኩን አስፍተው ወደ መድረክ ሲያወጡት ኮሎምቦን አንጋፋው ቶማስ ሚቸል፣ ገዳዩን ሐኪም ደግሞ ጆሴፍ ኮተን ሆነው ቀረቡ። በ1968 ታሪኩ የቴሌቪዥን ፊልም ሲሆን ሚናው ለፎልክ ደረሰ። በ1971 መጀመሪያ ሁለተኛ የሙከራ ፊልም ታየ፤ በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ተከታታዩ ጀመረ። እስከ 1978 በኤን.ቢ.ሲ.፣ ከ1989 እስከ 2003 ደግሞ በኤ.ቢ.ሲ. የተላለፉት ከሁለቱ የሙከራ ፊልሞች ጋር 69 ናቸው።

ቅርጹ ከባዶ የተፈጠረ አይደለም። እንግሊዛዊው ኦስቲን ፍሪማን በ1912 ባወጣው የአጫጭር ልቦለዶች መድበል ወንጀሉን አስቀድሞ አሳይቶ ምርመራውን የማስከተልን ስልት ሞክሮታል። የኮሎምቦ ጠባይም የሚመዘዘው ከዶስቶየቭስኪ ‹ወንጀልና ቅጣት› መርማሪ ከፖርፊሪ ፔትሮቪች ነው፤ ይህን ፈጣሪዎቹም አልሸሸጉትም። ፖርፊሪም ይቀባጥራል፣ ይቅርታ ይጠይቃል፣ ከጨዋታ ወደ ጨዋታ ይዘላል፤ ራስኮልኒኮቭ ግን እያንዳንዷ ዝላይ ወደ እሱ እንደምትቀርብ ይሰማዋል። የአሜሪካውያኑ ድርሻ የሁለቱን ሰዎች የኑሮ ደረጃ መገልበጣቸው ነው። በዶስቶየቭስኪ ዘንድ ገዳዩ የተራበ ተማሪ፣ መርማሪው የተከበረ ሹም ነው። በ‹ኮሎምቦ› ገዳዩ የቤቨርሊ ሂልስ ባለጸጋ፣ የኦርኬስትራ መሪ፣ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ወይም የቼዝ ጌታ ሲሆን፣ ጠያቂው በወር ደመወዝ የሚያድር ፖሊስ ነው። በዚህ ግልበጣ የሥነ ልቦናው ትግል የመደብ ትግልም ሆነ። ገዳዩ ፖሊሱን የሚንቀው በአለባበሱ፣ በአነጋገሩና የወይን ጠጅ ስም ባለማወቁ ነው፤ የሚወድቀውም በዚሁ ንቀት ነው።

የኮሎምቦ መለያ የሆነችው ልማድ ምንጯ ጽሑፉ ነው። መርማሪው ተሰናብቶ ይወጣል፤ በር ላይ ሲደርስ ግንባሩን ይዞ ይመለሳል፤ ‹አንዲት ነገር ብቻ› ይላል። ሊንክ ሲናገር እንደኖረው፣ ለመድረክ ሲጽፉ አንድ ትዕይንት አጥሮባቸው ነበር፤ ኮሎምቦም ወጥቷል። ገጹን እንደገና ከመተየብ ይልቅ ሰውየውን ከበር መለሱት። ከስንፍና የተወለደችው መፍትሔ የተከታታዩ ትልቋ የልብ ሰቀላ መሣሪያ ሆነች፤ ምክንያቱም ገዳዩ ትንፋሹን የሚለቀው፣ ፊቱንም የሚፈታው በሩ ሊዘጋ ሲል ነው። ጥያቄዋ የምትደርሰው በዚያች ቅጽበት፣ መከላከያው በወረደበት ሰዓት ነው።

ሰሙ ለታዳሚው፣ ወርቁ ለገዳዩ

የኮሎምቦን ጥያቄዎች ለመተንተን የቅኔ ትምህርት የሰጠን መሣሪያ በሚገባ ያገለግላል። የጥያቄው ሰም የአንድ ታካች የመንግሥት ሠራተኛ ነገር ነው፤ ሪፖርቱ እንዳይጎድል፣ አለቃው እንዳይቆጣ፣ እሱም ሌሊት እንቅልፍ እንዲወስደው። ወርቁ ግን ‹አንተ እንደሆንክ አውቃለሁ› ይላል። በክፍሉ ውስጥ ያሉት ጸሐፊዋ፣ ዘበኛውና እንግዶቹ ሰሙን ሰምተው ያልፋሉ። ወርቁ የሚሰማው ሥራውን ለሚያውቀው ሰው ብቻ ነው። ከገዳዩ ቀጥሎ ደግሞ ሌላ ሰሚ አለ፤ ግድያውን ያየነው እኛ። ‹ማን ገደለው› በሚል ድራማ እንዲህ ያለ ኅብር አይቻልም፤ ተመልካቹ ወርቁ የሚገለጥለት በመጨረሻው ደቂቃ በመሆኑ፣ ከዚያ በፊት የተነገረው ሁሉ ለእሱ ሰም ሆኖ አልፏል።

ገዳዩን የሚያጣብቀውም ይኸው ነው። ወርቁን ሰምቼዋለሁ ብሎ ቢቆጣ ራሱን አጋለጠ። ሰሙን ብቻ እንደሰማ ሆኖ በትሕትና ቢመልስ፣ መልሱ ሌላ ጥያቄ ይወልዳል። ስለዚህ የ‹ኮሎምቦ› ገዳዮች ተባባሪዎች ናቸው፤ ንድፈ ሐሳብ ያቀርቡለታል፣ ስሕተቱን ያርሙለታል፣ ምሳ ይጋብዙታል። እያንዳንዱ ትብብር አንድ ክር ይጨምራል።

የመጀመሪያው መደበኛ ክፍል ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። አዘጋጁ የ24 ዓመቱ ስቲቨን ስፒልበርግ፣ ጸሐፊው ኋላ ‹ሂል ስትሪት ብሉዝ› የተባለውን የፖሊስ ድራማ ከፈጠሩት አንዱ የሆነው ስቲቨን ቦችኮ ነው። ታሪኩ ስለ ሁለት ጥምር የወንጀል ልቦለድ ደራስያን ነው፤ አንዱ ይጽፋል፣ ሌላው፣ ጃክ ካሲዲ የተጫወተው ኬን ፍራንክሊን፣ በሰው ፊት እየቀረበ ዝናውን ይሸምታል። የሚጽፈው ጥምረቱን ሊተው ሲል ፍራንክሊን ይገድለዋል፤ ሬሳውንም ከገዛ ቤቱ ደጅ ጥሎ እንዳገኘ ሰው ለፖሊስ ይደውላል። ኮሎምቦ የሚያየው ትንሽ ነገር ነው፤ ሰውየው የጓደኛውን ሬሳ ካገኘ በኋላ የመጣለትን ደብዳቤ ከፍቶ አንብቧል። ጥያቄው ሲጠየቅ ተራ የማወቅ ጉጉት ይመስላል። ክፍሉ ሲዘጋ ደግሞ የአገዳደሉ ዘዴ በሟቹ ማስታወሻዎች መካከል ተጽፎ ይገኛል፤ ፍራንክሊንም ሐሳቡ የራሱ እንደነበረ፣ በሕይወቱ ያፈለቀው ብቸኛ ጥሩ ሐሳብ እንደሆነ በቁጭት ይናገራል። የሁለት ደራስያን ፍጥረት የሆነው ተከታታይ ‹ድርሰቱ የማን ነው?› በሚል ሙግት መክፈቱ፣ በቀልድ የተሸፈነ ራስን መመርመር ሆኖ ይነበባል።

የቅርጹን ብቃት ከሁሉ አጥርቶ የሚያሳየው ጃክሰን ጊሊስ የጻፈው የ1971 ክፍል ነው። ገዳዩ የሥዕል ሐያሲ ነው፤ አጎቱን ገድሎ የተሰረቁትን ሥዕሎች በአክስቱ ቤት ያስገኝባታል። በሥዕሎቹ ላይ የኮሎምቦ የጣት አሻራ ይገኛል፤ ቀደም ሲል በሐያሲው ቤት፣ እንዳላወቀ ሰው እጁን ሰዶ ነክቷቸው ነበርና። ሐያሲው ‹አሁን እዚህ ስትነካቸው ነው!› ብሎ ሲጮህ ኮሎምቦ እጆቹን ከካፖርቱ ኪስ ቀስ ብሎ ያወጣል፤ ጓንት አጥልቋል። ንግግር የለም፤ ክፍሉ እዚያው ያልቃል። ደራሲው ጥንድ ጓንት ብሎ ጽፎ ሊሆን ይችላል፤ እጆቹ በዚያ ዝግታ መውጣት እንዳለባቸው የሚያውቀው ግን ተዋናዩ ነው።

ፎልክ ምን ጨመረ?

ፎልክ በ1927 ኒው ዮርክ ተወለደ። በሦስት ዓመቱ በዓይን ካንሰር ምክንያት ቀኝ ዓይኑ ወጥቶ ሰው ሠራሽ ዓይን ተተካለት። በንግድ መርከብ ላይ ምግብ አብስሏል፤ በ1953 ከሲራኪዩስ ዩኒቨርሲቲ በመንግሥት አስተዳደር ሁለተኛ ዲግሪ ይዞ በኮነቲከት ግዛት የበጀት መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ ሠርቷል። ወደ ሙሉ ጊዜ ትወና የገባው ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ሲል ነው። ከዚያ በፍጥነት ወጣ፤ በ1960 እና በ1961 በሠራቸው ፊልሞች በተከታታይ ለኦስካር ታጨ። ይህን የሕይወት ታሪክ የምናነሳው ለወግ ያህል አይደለም። ኮሎምቦ ከሌሎች የቴሌቪዥን መርማሪዎች የሚለየው በቢሮ ሰውነቱ ነው፤ ቅጽ የሚሞላ፣ ወረቀት የሚጠፋበት፣ ሥራውን ግን አንድም ሳያጎድል የሚጨርስ ሰው። ፎልክ እንዲህ ያለውን ሰው ከመሥሪያ ቤት ያውቀዋል።

በ1968ቱ ፊልም ያለው ኮሎምቦ ገና ሌላ ሰው ነው። ጸጉሩ የተበጠረ፣ ድምፁ የረጋ፣ አንዲት ምስክርን ጮኾ እስከማስደንገጥ የሚደርስ ነው። ጂን ባሪ የተጫወተው ገዳዩ የሥነ አእምሮ ሐኪም ነውና መርማሪውን ይተነትነዋል፤ ሰዎች በመልክህ ንቀውህ እንዲዘናጉ ታደርጋለህ ይለዋል። የገጸ ባሕርዩ ንድፈ ሐሳብ እንዲህ በጽሑፍ ተቀምጦ ነበር፤ ሥጋ ለማልበስ ግን ሦስት ዓመት ፈጀ። ፎልክ ካፖርቱን ከራሱ ቁም ሳጥን አመጣ፤ ያረጀችውን ፔጆ 403 ከስቱዲዮው ግቢ መረጠ። ካሜራ እየሠራ ባልተጻፈ ነገር ኪሱን መፈተሽ፣ እርሳስ መፈለግ፣ ሐሳቡን አቋርጦ ስለ አንድ የቤት ዕቃ ዋጋ መጠየቅ ጀመረ። አብሮት የሚጫወተው ሰው በእርግጥም ትዕግሥቱ ያልቃል፤ ያ እውነተኛ መቁነጥነጥ የገዳዩ መቁነጥነጥ ሆኖ ይቀረጻል።

ትወናው የሁለት ሰው እንደመሆኑ ያለ ብርቱ ባላጋራ አይቆምም። ሮበርት ከልፕና ጃክ ካሲዲ እያንዳንዳቸው ሦስት ጊዜ፣ ፓትሪክ ማክጉሃን አራት ጊዜ ገዳይ ሆነው ቀርበዋል። ሦስቱ የንቀት ዓይነቶች ናቸው። ከልፕ ቁጣውን ጥርሱ ውስጥ ይነክሳል፤ ካሲዲ በፈገግታ ይንቃል፤ ማክጉሃን ደግሞ ባላጋራውን ከማንም በፊት ያውቀዋል፤ ቢያከብረውም አይፈራውም። ማክጉሃን በ1974 እና በ1990 ክፍሎች ሁለት የኤሚ ሽልማት ያገኘው፣ በአዘጋጅነትም አምስት ክፍሎች የሠራው በከንቱ አልነበረም።

ጭምብል ነው ወይስ መልክ?

የተለመደው ትንታኔ የኮሎምቦ መዝረክረክ ጭምብል ነው ይላል፤ ከሥሩ ስል አእምሮ አለ። ይህ በ1968ቱ ሐኪም አፍ የተነገረው ንባብ ለተከታታዩ ምርጥ ክፍሎች አይበቃም። ፒተር ፊሸር በጻፈውና ዲክ ቫን ዳይክ ገዳይ በሆነበት የ1974 ክፍል ኮሎምቦ ምስክር ፍለጋ ወደ ድሆች መመገቢያ ይገባል። መነኩሲቷ ቤት የለሽ መስሏት ሾርባ ትሰጠዋለች፤ ካፖርት ልትቀይርለትም ትጣደፋለች። በዚያ ትዕይንት ውስጥ የሚታለል ገዳይ የለም። መርማሪው የለበሰው የራሱን ልብስ፣ የሚያሳየውም የራሱን መልክ ነው። ስለዚህ ሰሙ ውሸት አይደለም። በጥሩ ቅኔም ሰሙ ራሱን ችሎ እንደሚቆም ሁሉ፣ የኮሎምቦ ትሕትናም ወርቁን ብናወጣለት እንኳ አይፈርስም።

ለዚህ ሌሎች ምስክሮች አሉ። ቴዎዶር ቢኬል በተጫወተበት የ1977 ክፍል፣ በአእምሮ ብቃታቸው በተመረጡ ሰዎች ማኅበር መካከል፣ ኮሎምቦ ስለ ራሱ ይናገራል፤ በትምህርት ቤትም በውትድርናም ከእሱ የላቁ ብዙዎችን እንዳየ፣ እሱ ግን የበለጠ ቢደክም፣ ቢያነብ፣ ዓይኑን ቢከፍት እንደሚደርስ አምኖ እንደተነሳ። ሩት ጎርደን በቀረበችበት ክፍል ደግሞ ከሚያስራቸው ገዳዮች አንዳንዶቹን እንደሚወዳቸው ለተሰበሰቡ ሴቶች ያወጋል፤ የሚወደው ሥራቸውን ሳይሆን ሰውነታቸውን ነው።

ይህ ፍቅር በ1973 ዶናልድ ፕሌዘንስ የወይን ጠጅ ጠማቂ በሆነበት ክፍል ፍሬ ያፈራል። ጠማቂው ግማሽ ወንድሙን ጓዳ ውስጥ ቆልፎ ማቀዝቀዣውን ያጠፋዋል፤ ሟቹ ሲታፈን ወይኑም በሙቀት ይበላሻል። ኮሎምቦ ስለ ወይን ተምሮ፣ ከዚያው ጓዳ የወጣ ጠርሙስ በምግብ ቤት ያስቀርብለታል። ጠማቂው አንድ ጊዜ ቀምሶ ወይኑ በሙቀት ተበላሽቷል ብሎ ይጮኻል፤ የሚኮራበት ምላሱ ይመሰክርበታል። ከዚያ ሁለቱ መኪና ውስጥ ተቀምጠው ጣፋጭ ወይን ይቀዳሉ፤ ገዳዩ መርማሪውን በደንብ ተምረሃል ብሎ ያመሰግነዋል። ጃኔት ሊ በተጫወተችበት የ1975 ክፍል ደግሞ ገዳይዋ ለሞት የተቃረበች፣ አእምሮዋም የሚረሳ ሴት ናት፤ ግድያውን አታስታውሰውም። የሚወዳት ሰው በውሸት ጥፋቱን ሲወስድ ኮሎምቦ እያወቀ ይተዋል። ትሕትናው የወጥመድ ማታለያ ብቻ ቢሆን ኖሮ እነዚህ ፍጻሜዎች አይታመኑም ነበር።

ቅርጹ ሲፈርስ

ለክርክራችን ጥሩው ፈተና ተከታታዩ ከራሱ ሕግ የወጣባቸው ጊዜያት ናቸው። የ1992 እና የ1994 ሁለት ክፍሎች የተወሰዱት ከኤድ ማክቤይን የፖሊስ ልቦለዶች ነው። በመጀመሪያው የኮሎምቦ የወንድም ልጅ ሙሽራ ትጠለፋለች፤ ግድያ እንኳ የለም። በሁለተኛው ታሪኩ የተቀደደ ፎቶግራፍ ቁርጥራጮች ፍለጋ ነው። ፎልክ አለ፤ ጥበቡም አለ፤ ግን የሚያወራለት ገዳይ የለም። ሁለት ትርጉም ያለው ጥያቄ የሚጠየቅ ሰው ሲጠፋ መዝረክረኩ ልማድ ብቻ ሆነ።

በ1979 ደግሞ ኤን.ቢ.ሲ. በኮሎምቦ አንደበት ብቻ የምትኖረውን ሚስት የራሷ ተከታታይ ሰጣት፤ ኬት ማልግሩ ተጫወተቻት፤ ከ13 ክፍል በኋላ ተቋረጠ። ሚስቲቱ በቃል ብቻ ስትኖር ገዳዩን ማዘናጊያ፣ መርማሪውንም ሰው ማድረጊያ ነበረች። በዓይን ስትታይ ሁለቱም ሥራ ቀረ። በተቃራኒው ሌቪንሰንና ሊንክ በ1975 ‹ኤለሪ ኩዊን› የተባለውን ተከታታይ በመደበኛው ‹ማን ገደለው› ቅርጽ አዘጋጁ፤ ጽሑፉ የረቀቀ፣ ተዋናዩ ጂም ሃተን ተወዳጅ ነበር፤ ከአንድ የሥርጭት ዘመን ግን አላለፈም። ያው ደራስያን ያለዚያ ቅርጽ፣ ያው ተዋናይ ያለዚያ ቅርጽ፦ ሁለቱም ጎደሎ ናቸው።

ማድነቅ ጉድለትን መሸፈን አይደለም። ኮሎምቦ የሚያቀርባቸው ብዙ ማስረጃዎች ፍርድ ቤት ቢቀርቡ አንድ ብልህ ጠበቃ ያፈርሳቸዋል። ከ90 ደቂቃ ወደ ሁለት ሰዓት የተለጠጡ ክፍሎች ይንዘላዘላሉ። ከዚህ የሚከብደው የሚያሳየውና የማያሳየው ከተማ ነው። በሎስ አንጀለስ ከተቀሰቀሰው የዋትስ ሰፈር ዓመፅ ስድስት ዓመት በኋላ የተጀመረው ድራማ የከተማዋን ድሃ ሰፈሮችና ፖሊስ ከጥቁሮች ጋር የነበረውን ቁስል አይነካም፤ ፖሊሱ ያለ መሣሪያ፣ በትሕትና፣ ባለጸጋውን ብቻ ያስራል። ይህ ደስ የሚል ምኞት ነው፤ ታሪክ አይደለም። ፊሸር በጻፈው ሌላ የ1974 ክፍል ግን ምኞቱ ራሱ ጥርስ ያወጣል። ገዳዩ የኮሎምቦ የበላይ አለቃ ነው፤ የሌባ ቤት መስሎት የሐሰት ማስረጃ የሚደብቅበት ክፍል ኮሎምቦ የተከራየው ይሆንና ይያዛል። ተቋሙ ራሱን ሲመረምር የምናየው በዚያች ሰዓት ነው።

በ1972 የኤሚ ሽልማት ፎልክ በትወና፣ ሌቪንሰንና ሊንክ ደግሞ ከልፕ ገዳይ ለሆነበት ክፍል በድርሰት ተሸለሙ። ከዚያ ወዲህ ዝናው ወደ አንድ ፊት አጋደለ፤ በ2014 ቡዳፔስት ላይ የቆመው ሐውልትም ፎልክን ከኮሎምቦ ካፖርትና ውሻ ጋር ያሳያል እንጂ ደራስያኑን አያሳይም። ይህ የቴሌቪዥን ተፈጥሮ ነው፤ ፊት ይታወሳል፣ ብዕር ይረሳል። ሐያሲ ግን ሌላ ግዴታ አለበት። አንድን የቴሌቪዥን ድርሰት ሲመዝን ‹ምን ያህል ምስጢር ደበቀ?› ብሎ ብቻ ሳይሆን ‹ምስጢሩ ከወጣ በኋላ ለተዋናዩ ምን ሥራ ተወለት?› ብሎም መጠየቅ አለበት። በዚህ ሚዛን ሌቪንሰንና ሊንክ የሚመሰገኑት ባልጻፉትም ጭምር ነው፤ ፎልክም የሚመሰገነው የተተወለትን ቦታ ከራሱ ባለፈ ሰው ስለሞላው ነው።